የእርሳስ ጥሬ

ማክሰኞ አንዲት ቄብ፣ ሐሙስ ሁለት እናት፣
ቅዳሜም አውራው ጠፋ ሳይጮህ በሌሊት።
ላባ ብቻ ቀረ፣ ወራሚት፣ ከደንገሉ ሥር፣
በጭቃውም ላይ ዱካ፣ ቀጥ ያለ መስመር፤
ውሻ እንዲህ አይሄድም፣ ያሸታል፣ ይዞራል፣
ይህ ግን የሚሄድበትን አስቀድሞ ያውቃል።

«መርዝ ለውሰሽ ሥጋ ጣይለት» አለኝ ጎረቤቴ ይስማው፤
አምና በዚያው ሥጋ የራሱን ውሻ የቀበረው።

የአማቴ የአያ ስንሻው ጠመንጃ ከቆጡ ወረደ፣
ሁለት አፍ ነበረው፤ አንዱ ከታመመ ዘመን ነጎደ።
ከጎኑ አንዲት ጣሳ፣ በውስጧም አራት ጥይት፣
ካርቶን የለበሱ፣ ቀለማቸው የሞተ ከጥንት፤
ቁጥራቸውን የጣና እርጥበት
ልሶ ልሶ በልቶት።

አያ ስንሻው በሕይወት ሳሉ በእህል ነበር የሚያስጠኑን፣
መስኖ ዳር ተቀምጠው፣ መዳፋቸው ላይ እየበተኑ ጥሬውን፦
«ይህ ጤፍ ነው፣ ለድርጭት። ይህ ምስር ነው፣ ለቆቅ።
አተር ለቀበሮ ነው፤ እስከ ሃያ እርምጃ፣ ከዚያ ወዲያ ተዉት፣ ይራቅ።
ባቄላው ለከርከሮ። ከባቄላ የሚበልጥ
ብቻውን የሚሄድ አንድ አለ፤ እሱን ተዉት ይቀመጥ፣
ሐይቁን ተሻግሮ የሰው በር ያንኳኳል።»
ደግሞም ይሉ ነበር፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፦
«ቀበሮን በምስር የመታ ሰው
አልገደለው፣ ለጅብ ነው ያበደረው።
እያነከሰ ሦስት ቀን፣ እየሸተተ አራት፤
ትንሽ ጥሬ፣ ልጆቼ፣ ትልቅ ጭካኔ ናት።»

እንዴት ይመረጣል ታዲያ ስሙ የጠፋበት?
አንዱን ከጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅሁት፤
ሽሽሽ አለ፣ እንደ አሸዋ። ጤፍ ነው፤ ተውሁት።
ሁለተኛው ዝም፤ ረግቶ ይሁን ረጥቦ አላወቅሁት።
ሦስተኛው ኮሽ አለ፣ አራተኛውም ኮሽ አለ፤
ምስር ነው? አተር ነው? ጆሮዬ ማለ፣ ደግሞ ካደ፣ ዋለለ።
በቢላ ቀደድሁና አራተኛውን ካናቱ
ሰፌድ ላይ ዘረገፍሁ፤ ጥቁር ፍሬዎች ተንሸራተቱ።
አርባ አንድ። አተር ናቸው። ሦስተኛው ወንድሙ ነው፣
ድምፃቸው አንድ ነበር፤ እሱን ልያዘው።

ዞር ስል ገብስማዋ ዶሮ ከሰፌዱ ጫፍ
ጠቅ። ጠቅ።
«እሽ!» አልሁ፣ ዘለለች በክንፍ።
ደግሜ ቆጠርሁ፦ ሠላሳ ዘጠኝ።
ሁለቱ የት እንደገቡ እሷን ጠይቋት፣ እኔን አትጠይቁኝ።

ማታ ከተገለበጠው ታንኳ ጀርባ ተቀመጥን፣ እኔና ልጄ ምናለ።
ቀን ሃያ እርምጃ ለክቼ ያኖርሁት ነጭ ድንጋይ አለ፤
ማዶ የባሕር ዳር መብራት ውኃው ላይ ይላወሳል፣
ጉማሬ ከደንገሉ ውስጥ አንዴ ይተነፍሳል።
መጣ።
ከድንጋዩ ማዶ ቆመ። ከኋላው የዓሣ አጥማጅ ፋኖስ።
«እማ፣ አሁን?» — «ዝም በል፤ ጥይት ፋኖስ አያውቅም፣ ትንሽ ታገሥ።»
ወደ አፈር ክምሩ ዞረ። ድንጋዩን አለፈ።
ተኮስሁ። ትከሻዬን ነረተኝ፤ ሐይቁ ድምፁን ጠለፈ።
አልጮኸም፤ አላነከሰም። ባነሣው ከመሬት
ከበላብኝ አውራ ዶሮ አልበለጠም በክብደት።

በወሩ ገብስማዋ መጣል አቆመች፣
ክንፏን ለቀቀች፣ አረንጓዴ ቀዘነች፤
አንድ ጥዋት ከቆጧ ሥር ደርቃ ተገኘች።
ሆዷን ከፈትሁ። ሁለቱ ጥሬ እዚያው ናቸው፣
ከጠጠር ጋር ሲፋጩ ከርመው፣ ተልጠው፣ አንሰው፤
አተር ሆነው ገብተው
ምስር ሆነው።

ታጠብሁ፣ አጠብኋቸው።
ጣሳዋ ውስጥ መለስኋቸው፣
ዝም ካለው ጥይት አጠገብ፣
ዝም እንዲሉ።